ሠራተኛው ወዶ የሚጠቀምበት የመሥሪያ ቤት ሶፍትዌር እንዴት ይሠራል?

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሶፍትዌር አስገባ እንበል። ጨረታው ወጥቷል፣ ርክክቡ ተፈጽሟል፣ ሥልጠናውም ተሰጥቷል። ከጥቂት ወራት በኋላ ብትሄዱ ግን ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በድሮው መዝገብ ነው። ሊወጣ ሲል፣ አለቃው እንዳይቆጣ ብሎ፣ የቀኑን ሥራ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣል። ሥራ ያቃልላል የተባለው ነገር ሌላ ሥራ ጨመረበት።

ይህ ሲሆን ቶሎ የሚሰጠው ምክንያት «ሠራተኛው ለውጥ አይወድም» የሚል ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። ያው ሠራተኛ ቴሌግራምን ማንም ሥልጠና ሳይሰጠው ተምሯል። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሲጀመር ስንቱ ሰው በስልኩ ብር መላክ የለመደው ጓደኛውን እያየ ነው። ሰው የሚጠቅመውን ነገር ለመማር አይሰንፍም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት፣ ሠራተኞች አንድን ፕሮግራም የሚቀበሉት በሁለት ነገር መዝነው እንደሆነ አሳይቷል። አንደኛው «ሥራዬን ያሻሽልልኛል ወይ?» ነው። ሁለተኛው «አጠቃቀሙ ይቀላል ወይ?» ነው። ሁለቱም ይቆጠራሉ፤ የበለጠ ያመዘነው ግን የመጀመሪያው ነበር። ብዙዎቻችን የምንደክመው በሁለተኛው ላይ ነው። ቀለም እንመርጣለን፣ በተን (ስክሪኑ ላይ የሚነካውን ቁልፍ) እናሳምራለን። ሠራተኛው ግን ገና «ይሄ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» እያለ ነው።

ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ የምሄድበትን መንገድ አስቀምጣለሁ። ምሳሌዬ የዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ሞዴል 19፣ ሞዴል 20፣ ሞዴል 22 የሚባሉትን ቅጾች የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ለማያውቅ፦ 19 ዕቃ ሲገባ ይቆረጣል፣ 20 ዕቃ ይጠየቅበታል፣ 22 ዕቃ ሲወጣ ይቆረጣል። የእናንተ ሥራ የሰው ኃይል፣ የባንክ ወይም የሆስፒታል ሶፍትዌር ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ማን እንደሚለፋና ማን እንደሚጠቀም ለዩ

ጆናታን ግሩዲን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ሰዎች አብረው የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች ለምን እንደሚወድቁ ሲጽፍ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፦ መረጃውን የማስገባት ልፋት የአንዱ ሰው፣ ጥቅሙ የሌላው ሰው ይሆናል። ዛሬም የማያቸው የወደቁ ሲስተሞች አብዛኞቹ በዚሁ በሽታ የወደቁ ናቸው። ሶፍትዌሩን የሚያዝዘው ኃላፊው ነው። ኃላፊው የሚፈልገው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ እንዲወጣ ደግሞ የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ለእያንዳንዱ ዕቃ ስንትና ስንት ቦታ መሙላት አለባት። እሷ በምላሹ የምታገኘው ነገር የለም።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወረቀት ወስዳችሁ በሦስት ዓምድ ክፈሉት። አንደኛው ላይ የሚሞላው መረጃ፣ ሁለተኛው ላይ የሚሞላው ሰው፣ ሦስተኛው ላይ መረጃውን አንብቦ ውሳኔ የሚሰጥበት ሰው ይጻፍ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን ሁሉ አውጡት። «ለማንኛውም ይኑር» የሚባል መረጃ ሁልጊዜ አለ። እሱን የሚሞላው ሰው ግን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሞላው አስቡ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ ላይ የተለያየ ሰው ካለ ደግሞ፣ ለሚሞላው ሰው የሚመለስለት ነገር ፈልጉ። ለግምጃ ቤት ኃላፊዋ ምን ሊመለስላት ይችላል? በቀን ስንት ጊዜ ስልኳ እንደሚጮህ ቁጠሩ። «ቶነር መጥቷል?» «ወረቀት አለ?» «ያ ወንበር ገባ?» ክፍሎቹ ራሳቸው ያለውን ዕቃ ማየት ቢችሉ ይህ ሁሉ ስልክ ይቀርላታል። የወር መጨረሻ ሪፖርቷ ከሞላችው መረጃ በራሱ ቢወጣላት አንድ ሙሉ ቀን ታተርፋለች። እንዲህ ዓይነት ነገር ለሠራተኛው መማለጃ አይደለም። የሶፍትዌሩ ዋና ሥራ ነው።

በተቃራኒው የሄደ ምን እንደሚገጥመው የታወቀ ታሪክ አለ። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ሴዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ሐኪሞች ትእዛዛቸውን በኮምፒውተር እንዲያስገቡ የሚያደርግ ትልቅ ሲስተም አስገብቶ ነበር። በወረቀት ቶሎ የሚያልቀው ትእዛዝ በስክሪን ብዙ ጊዜ መውሰድ ጀመረ። ማስጠንቀቂያውም በላይ በላዩ ይመጣል። ሐኪሞቹ በመቶዎች ሆነው ተቃወሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ላይ ሆስፒታሉ ሲስተሙን አቆመው። ሐኪም ድምፁ ስለሚሰማ ነገሩ በአደባባይ ታወቀ። የግምጃ ቤት ሠራተኛ ግን ሰልፍ አይወጣም። ዝም ብሎ ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

2. ወንበር ስባችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ

ይህን ደረጃ በጥድፊያ የሚያልፍ ሰው ሌላው ሁሉ ቢሟላለትም አይሳካለትም። ስብሰባ ጠርቶ ፍላጎት መሰብሰብ አይተካውም። በስብሰባ ላይ የሚነገረው መመሪያው የሚለው ነው። በመስኮቱ በኩል የሚሠራው ሌላ ነው።

አንዷን ዕቃ ማውጣት ብቻ በቅርብ እንያት። ከአስተዳደር ክፍል አንድ ልጅ ሞዴል 20 ይዞ ይመጣል። «5 ደስጣ ወረቀት» ይላል። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ መጀመሪያ የምታየው የዕቃውን ስም አይደለም፤ ፊርማውን ነው። የማን እንደሆነ በዓይኗ ታውቀዋለች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ትሄዳለች። እዚያ የተንጠለጠለውን ቢን ካርድ፣ ማለትም የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ ታያለች። ወረቀቱ የገባው በካርቶን ነው፤ የሚወጣው በደስጣ ነው። በልቧ ታሰላለች። ካርዱ ላይ ወጪውን ጽፋ «ከወጪ ቀሪ» የሚለውን ታስተካክላለች። ተመልሳ ሞዴል 22ን በካርቦን ትቆርጣለች፤ ልጁ ይፈርማል። ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ነው።

ልጁ እንደወጣ መሳቢያዋን ትከፍታለች። ውስጡ አንድ የልጆች ደብተር አለ። በእርሳስ «ፋይናንስ፣ 2 ቶነር፣ ወረቀቱ ነገ» ትላለች አንዷ መስመር። ትናንት ሥራ አስኪያጁ አስቸኳይ ደብዳቤ ፕሪንት ፈልጎ ነበር። ፈራሚው አልነበረም። ቶነሩ በቃል ወጣ። ወረቀቱ በኋላ ይመጣል ተባለ።

ያቺ ደብተር የመሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ሲስተም ናት። የእናንተ ሶፍትዌር «ያለ ፈራሚ ምንም አይወጣም» ብሎ በሩን ቢዘጋ ቶነሩ መውጣቱን አያቆምም፤ ደብተሯ ውስጥ ይቀጥላል። ያኔ የኮምፒውተሩ ቀሪና የመደርደሪያው ቀሪ ይለያያሉ። አንዴ ከተለያዩ ደግሞ የኮምፒውተሩን ቁጥር ማንም አያምነውም። እኔ የምመርጠው «ጊዜያዊ ወጪ» የሚባል ነገር ማስገባት ነው። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደወሰደ፣ እስከ መቼ ወረቀቱ መምጣት እንዳለበት ይመዘገባል። ቀኑ ካለፈ ማስታወሻው የሚሄደው ላዘዘው ሰው ነው፤ ለግምጃ ቤቷ አይደለም። ገደቡን ስንት ይሁን የሚለውን ከአስተዳደሩና ከውስጥ ኦዲተሩ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ስትቀመጡ የምትጠይቁት ጥያቄም ወሳኝ ነው። «ምን ዓይነት ሶፍትዌር ይፈልጋሉ?» አትበሉ። መልሱ «ዘመናዊ» ይሆናል። ይልቅ ስለሆነ ነገር ጠይቁ። «ትናንት መጨረሻ የመጣው ሰው ምን ወሰደ? እስቲ ያሳዩኝ።» «ሒሳቡ አልገጥም ያለዎት መጨረሻ መቼ ነው? ምን አደረጉ?» «እርስዎ ፈቃድ ሲወጡ የሚተካዎት ሰው የቱ ጋ ይቸገራል?» የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ፍሬ አለው። ሰው ለራሱ የለመደውን ችግር አያይም። ለተተኪው ግን ያዝናል።

አለቃው አጠገብ ከቆመ ግን ምንም አታገኙም። በትሕትና ለብቻችሁ መቀመጥ እንደምትፈልጉ ንገሩት። የተሞሉ ቅጾችን ኮፒ ውሰዱ። ባዶውን ሳይሆን የተሞላውን። ዳር ላይ በእስክርቢቶ የተጨመረው ነገር፣ የተሰረዘው፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈው፣ ጠረጴዛው መስታወት ሥር የተሸጎጠው ብጣሽ ወረቀት፣ ሁሉም ሶፍትዌራችሁ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው። አንድ ተራ ቀንም ብቻ አትዩ። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ቆጠራና የበጀት መዝጊያ ሲደራረብ፣ ያው ክፍል ሌላ ቦታ ይመስላል።

3. አንድ የሚያስመርር ነገር ምረጡና እሱን ብቻ ሥሩ

ካያችሁት ሁሉ ውስጥ በየቀኑ የሚደጋገም፣ ሠራተኛው ራሱ የሚያማርርበት፣ በትንሽ ሥራ የሚቀር አንድ ነገር ፈልጉ። በግምጃ ቤታችን እሱ የስልኩ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሥራችሁ ያለውን ዕቃ የሚያሳይ አንድ ገጽ ይሁን። ግዥ፣ ጨረታ፣ ቋሚ ንብረት፣ የእርጅና ቅናሽ የሚባለው ሁሉ ይቆይ። ኃላፊው «ሙሉውን አንድ ላይ» ቢል፣ ሙሉው አንድ ላይ ሲመጣ ማንም የማይነካው እንደሚሆን አስረዱት።

4. በወረቀት ሠርታችሁ አስሞክሩ

ሠራተኛን በንድፍ ማሳተፍ ዛሬ የመጣ ፋሽን አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ከኮምፒውተር ሊቁ ከክሪስቴን ኒጋርድ ጋር ሆኖ፣ ወደ ፋብሪካው የሚገባው ኮምፒውተር የአባላቱን ሥራ እንዴት እንደሚለውጥ አጥንቷል። በ1980ዎቹ ደግሞ በስዊድንና በዴንማርክ ዩቶፒያ በተባለ ፕሮጀክት የማተሚያ ቤት ሠራተኞች የወደፊት መሣሪያቸውን በካርቶንና በእንጨት ሠርተው ሞከሩ። ሌዘር ፕሪንተር ገና ብርቅ ስለነበር ባዶ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እንደ ፕሪንተር ቆጠሩት። ሠራተኛው በእጁ እየነካ «ይህ እዚህ አይመቸኝም» አለ። ይህን ለማለት ስለ ኮምፒውተር ማወቅ አላስፈለገውም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ስክሪኑን በኤ ፎር ወረቀት በእርሳስ ሳሉት። ለግምጃ ቤቷ ኃላፊ ስጧት። «ይህ ልጅ 5 ደስጣ ወረቀት ሊወስድ መጣ። ምን ይነካሉ?» በሏት። በጣቷ ታሳይ። የነካችው ቦታ ቀጥሎ ምን እንደሚያመጣ ሁለተኛውን ወረቀት አስቀምጡ። ስትሳሳት አታርሟት። «ለምን እዚህ ነኩ?» ብቻ ብላችሁ ጻፉ። በእርሳስ የተሳለ ነገር ስለሆነ ሰው ለመተቸት አያፍርም። ያለቀ የሚመስል ቆንጆ ስክሪን ብታሳዩአት «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ትሸኛችኋለች። በይሉኝታ የተሰጠ ምስጋና ደግሞ ምንም አያስተምራችሁም።

ብዙ ሰው አያስፈልግም። የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ጄኮብ ኒልሰን አምስት ሰው ማየት አብዛኛውን ችግር ያሳያል ይላል። ሦስት ሰው ካገኛችሁም ጀምሩ። ዋናው ነገር አርሞ እንደገና ማስሞከር ነው።

5. በሠራተኛው ቋንቋና በእኛ አቆጣጠር ይናገር

ውጭ አገር የተሠራ ወይም ከውጭ የተቀዳ ሶፍትዌር እዚህ አገር ሠራተኛውን በጥቃቅን ነገር ነው የሚያሰለቸው። እነዚህን በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው።

ቀን ላይ እንጀምር። መሥሪያ ቤቱ ሐምሌ 1 በጀት ከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሠራተኛው የሚያስበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ቀን ብቻ ከጠየቀው በየመስመሩ ስልኩን አውጥቶ ይቀይራል፤ አንዳንዴም ይሳሳታል። ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑ በአንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ ይቀመጥ፤ ስክሪኑ ላይ ግን በኢትዮጵያ ይታይ፣ በኢትዮጵያም ይሞላ። ስሌቱን በግምት አትሥሩት። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ በየአራት ዓመቱ ግን 12 ላይ ነው፤ 2016 ዓ.ም. የገባው እንዲያ ነው። ጳጉሜንም አትርሷት። ወር መምረጫው 13 ወር ይኑረው፤ 2015 ዓ.ም. ላይ ጳጉሜን 6 እንደነበረች ይወቅ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ስክሪኑ ላይ «2:30» ብቻ ተጽፎ ከታየ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት፣ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? «ጠዋት 2:30» ብላችሁ ጻፉ፤ ጥርጥሩ ያልቃል።

ስም ደግሞ አለ። «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚል ቅጽ ለእኛ አይሠራም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚሉ ሦስት ቦታዎች አድርጉ። ዝርዝሩ ሲደረደርም በራሱ በሰውየው ስም ይጀምር። በአባት ስም የተደረደረ የሠራተኛ ዝርዝር ውስጥ ሰው ፈልጋችሁ ከሆነ ችግሩን ታውቁታላችሁ።

ፍለጋው ከሁሉ በላይ ጊዜ ይገድላል። አንዱ «ዕቃ» ይጽፋል፣ ሌላው «እቃ»። አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሌላው «ሐይሉ»። ሠራተኛው የገባውን ዕቃ ፈልጎ ካጣው እንደገና በአዲስ ስም ይመዘግበዋል። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሳሙና በአራት ስም ተመዝግቦ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሲፈልግ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ፣ ሰ እና ሠን እንደ አንድ፣ አ እና ዐን እንደ አንድ፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ይቁጠር። ሲያሳይ ግን ሰው እንደጻፈው ያሳይ። በዚያ ላይ አንድ ዕቃ ብዙ መጠሪያ ይኑረው። «እስክርቢቶ» ብሎ የሚፈልግም «ብዕር» የሚልም፣ «ቶነር» የሚልም «የፕሪንተር ቀለም» የሚልም ያው ቦታ ይድረስ።

ስለ መጻፍም ላንሳ። በአማርኛ መተየብ ለብዙ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አድካሚ ነው። አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ መጫን አለ። ስለዚህ በተቻለ መጠን አታስጽፉት። በብዛት የሚወጡ ዕቃዎች ከላይ ይምጡ። ክፍሉ ከተመረጠ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ዕቃ ይታይ። ቁጥር ብቻ መጻፍ ከበቃ ቁጥር ብቻ ይጻፍ። የድሮ ፋይል ስትገለብጡም ተጠንቀቁ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መለኪያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩትና ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ባገለገሉት የአማርኛ መጻፊያዎች የተከማቸ ጽሑፍ እንዳለ ቢገለበጥ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። መቀየሪያ ይፈልጋል።

በተኖቹ ላይ የምትጽፉት ቃል ከቅጹ ይምጣ። ግምጃ ቤት ውስጥ «ገቢ»፣ «ወጪ»፣ «ከወጪ ቀሪ»፣ «አስረካቢ»፣ «ተረካቢ» ይባላል። ሠራተኛው ከመዝገበ ቃላት የተፈለፈለ አዲስ ቃል እንዲማር አታስገድዱት። ፕሪንት ሲደረግም የሚወጣው ወረቀት ሞዴል 22ን ይምሰል፤ ዓምዱ በዚያው ቅደም ተከተል፣ የፊርማና የማኅተም ቦታው በዚያው ቦታ። ኦዲተሩ የለመደውን ወረቀት ካላየ አይቀበልም። ኦዲተሩ ያልተቀበለውን ነገር ደግሞ ግምጃ ቤቷ ለምን ትሠራበታለች?

6. ስህተትን የሚያርም፣ ሠራተኛውን የሚጠብቅ ይሁን

ግምጃ ቤት ያዥና ገንዘብ ያዥ ብዙ ጊዜ ዋስ ጠርተው ነው የሚቀጠሩት። ዕቃ ከጎደለ ጥያቄው ወደ እነሱ፣ ከዚያም ወደ ዋሳቸው ይሄዳል። ዋሱ አጎት ወይም የሠፈር ሰው ነው። «ኮምፒውተር ትፈራለች» የምትሉዋት ሠራተኛ የምትፈራው ኮምፒውተሩን አይደለም። በስህተት የነካችው ቁልፍ ጉድለት ሆኖ እንዳይመዘገብባት ነው። ፍርሃቷ ልክ ነው።

ስለዚህ ንድፉ ለዚህ ፍርሃት መልስ ይስጥ። አንደኛ፣ ከመመዝገቡ በፊት ሶፍትዌሩ ምን ሊያደርግ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገራት፦ «5 ደስጣ ወረቀት ለአስተዳደር ክፍል ይወጣል፤ ቀሪው 37 ደስጣ ይሆናል።» ቁጥሩ ካልመሰላት እዚያው ትመልሰዋለች። ሁለተኛ፣ የተመዘገበ ነገር አይጥፋ፤ ግን ይታረም። በሒሳብ እንደሚደረገው በተቃራኒ ምዝገባ ይሰረዝ፣ ምክንያቱም ይጻፍበት። የመጀመሪያውም እርማቱም አብረው ይታዩ። ሦስተኛ፣ ካርቶንና ደስጣን ሶፍትዌሩ ራሱ ያባዛ፣ ያካፍል። ብዙ «ጉድለት» የሚመጣው ከሌባ ሳይሆን ከዚህ ስሌት ነው። አራተኛ፣ ማን እንደወሰደ የሚያሳየውን ማስረጃ እሷ ራሷ በማንኛውም ሰዓት አውጥታ ፕሪንት ማድረግ ትቻል። ሲስተሙ ለኦዲተሩ ማስረጃ እንደሚሆነው ሁሉ ለእሷም ይሁናት።

ይህን ያየች ሠራተኛ ሶፍትዌሩን የምትከላከለው እሷ ትሆናለች። ጎረቤት ክፍል «ያለ ወረቀት ስጪን» ሲላት «ሲስተሙ ላይ ይመዘገብብሃል» የማለት አቅም አገኘች።

የስህተት መልእክቶቹም የሚገባ አማርኛ ይሁኑ። ቀይ ጽሑፍና ቁጥር ብቻ አይምጣባት። «ከቀሪው በላይ ጠይቀዋል፤ ያለው 3 ነው» ማለት ይበቃል።

7. መብራትና ኔትወርክ እንደሚጠፋ አውቃችሁ ሥሩ

«ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ባለጉዳይ የለም። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ይህን ለሰው የሚናገረው፣ ስድቡንም የሚቀበለው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ በየመስመሩ የተሞላው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ፤ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራው ይቀጥል፤ ያልተላከው «አልተላከም» ተብሎ በግልጽ ይታይ። ሁለት ሰው ያንኑ ዕቃ በተቋረጠ ኔትወርክ ላይ ካወጡ ሲገናኙ ማን እንደሚወስን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፈጽሞ ካልሠራ ደግሞ ተከታታይ ቁጥር ያለው የወረቀት ጥራዝ መሳቢያ ውስጥ ይኑር፤ በኋላ በዚያው ቁጥር ይመዝገብ። ገጾቹም ቀላል ይሁኑ። ግምጃ ቤት የሚሰጠው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ከሌላ ክፍል የተረፈው ነው።

8. መሰለያ አታድርጉት

ሶፍትዌር ሲገባ ሠራተኛው በልቡ የሚጠይቀው «ይሄ እኔን ሊቆጣጠር ነው ወይ?» ብሎ ነው። መልሱን አትሸፋፍኑት። ማን ምን እንደሚያይ በአንድ ገጽ ጻፉና ለሁሉም አሳዩ። ለሥራው የማያስፈልግ የግል መረጃ አትሰብስቡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኃላፊው «ማን ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ አሳየኝ» የሚል ነገር ሊያስጨምር ሲመጣ የሚከተለውን ንገሩት፦ ሠራተኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሞላው እውነቱን ሳይሆን የሚያስመሰግነውን ይሆናል። የሪፖርቱ ቁጥር ያምራል፤ መደርደሪያው ግን ሌላ ይናገራል።

9. ሥልጠናውን ጠረጴዛው ላይ ስጡ

በሆቴል አዳራሽ አበል ተከፍሎ የሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ብዙም አይረዳም። ሰው ሰኞ ቢሮው ሲገባ ረስቶታል። ይልቅ በራሱ ኮምፒውተር፣ በራሱ ዕቃ፣ የዛሬን ሥራ አብራችሁ ሥሩ። አዲሱን ነገር የምታስለምዱበትን ጊዜም ምረጡ። ሰኔና ሐምሌ አይሆንም። በዓል ሊገባ ሲል አይሆንም። ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሻላል።

ከመካከላቸው ሰዎች የሚጠይቁትን አንድ ሰው ፈልጉ። ይህ ሰው ኃላፊ ላይሆን ይችላል። በየቢሮው «እስቲ እሷን ጠይቂ» የምትባል ሴት አለች። እሷ ከተቀበለችው ሌላው ይከተላል። ግን ለእሷ ሌላ ሥራ ቀንሱላት፤ በትርፍ ሰዓቷ የሰው ጥያቄ እንድትመልስ አትፍረዱባት።

መዝገቡንና ኮምፒውተሩን ጎን ለጎን ማስኬድ የግድ ከሆነ መጨረሻው ቀን ይቆረጥለት። ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ አንድ ወር። «እስኪረጋገጥ ድረስ» የሚባል ነገር ዓመት ያስቆጥራል፤ ሰው ከሁለቱ አንዱን መተው ሲኖርበት የሚተወው አዲሱን ነው። መዝገቡ መቆሙን ደግሞ ኃላፊው በደብዳቤ ያሳውቅ። ደብዳቤ ከሌለ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ መዝገቡን የሚተው የለም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከእናንተ አንድ ሰው እዚያው ይቀመጥ። ሠራተኛው ያነሳው አንድ ቅሬታ በዚያው ሳምንት ተስተካክሎ ይየው። ትንሽ ነገር ይሁን፤ የበተን ስም መቀየርም ቢሆን። የተናገረው ነገር እንደሚሰማ ሲያይ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይነግራችኋል። ለዚህም የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። ልዩ ቅጽ ሙላ አትበሉት። ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

10. ተቀብለውታል ወይ? የሚለውን በምን እናውቃለን

ስንት ሰው እንደገባ የሚቆጥረው ሪፖርት አያታልላችሁ። ትእዛዝ ስለሆነ ሁሉም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆን ብሩክ የሠራው አሥር ጥያቄ ያለው የአጠቃቀም መለኪያ አለ፤ ከ100 ይሰላል፣ 68 አካባቢ መካከለኛ ውጤት ተደርጎ ይወሰዳል። ሰፊ መሥሪያ ቤት ከሆነ ጠቃሚ ነው። ግን ጥያቄዎቹ አንዱ በአዎንታ አንዱ በአሉታ እየተፈራረቁ ስለሚሄዱ በአማርኛ ስታዘጋጁ ሰው እንዳይምታታበት ደጋግማችሁ አስነብቡ። አሥር ሰው ለሚሠራበት ክፍል ግን ሄዶ ማየት ይበልጣል።

ስትሄዱ የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንዷን ዕቃ ለማውጣት ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ስንት ደቂቃ ፈጀ? ስልኩ አሁንም ይጮሃል? መደርደሪያው ላይ አሥር ዕቃ በዘፈቀደ መርጣችሁ ቁጠሩ፤ ከስክሪኑ ጋር ይገጥማል? በኤክሴል የተያዘ ሌላ ዝርዝር በጎን አለ? ካለ፣ እዚያ ላይ ያለውና ሶፍትዌሩ ላይ የሌለው ዓምድ የቱ ነው? ቀጥሎ የምትሠሩት እሱ ነው። የመሳቢያውን ደብተርም እንዲያሳዩአችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ መጨረሻው የተጻፈበትን ቀን እዩ።